ሳልነግረው የቀረሁት፦ ፀጉሩ የሳሳበት የ22 ዓመት ወጣት ጉዳይ

እናቱ ወደ መድኃኒት ቤታችን የገቡት በየካቲት 2015 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ተራ የሚጠብቀውን ሰው አልፈው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ፤ ከቦርሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ ጠርሙስ አውጥተው መስታወቱ ላይ አቆሙት። «ልጄን እንዲህ ያደረገው ይህ ነው። የሸጠለት ማን እንደሆነ ንገሩኝ» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የእኛ ነው። የእጅ ጽሑፉ ደግሞ የእኔ። «ጠዋትና ማታ 1 ሚሊ ሊትር፣ የራስ ቆዳ ላይ» ይላል። ከዚያ ሌላ አንድም ቃል የለበትም።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ይህን ጉዳይ የምጽፈው በልጁም በእናቱም ፈቃድ ነው። ስሙን፣ ሰፈሩንና የሚማርበትን ዩኒቨርሲቲ አልጠቅስም። በመድኃኒት ባለሙያነት 17 ዓመት ሠርቻለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ለፀጉራቸው መፍትሔ ፍለጋ የመጡ ወጣት ወንዶችን ብዛት ልቆጥረው አልችልም። አብዛኞቹን ያስተናገድኳቸው እርሱን እንዳስተናገድኩት ነው፤ ጠርሙስ ሰጥቼ፣ ገንዘብ ተቀብዬ። የእርሱን ለይቼ የምጽፈው የእኔ ዝምታ ምን እንዳስከተለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየሁት በእርሱ ላይ ስለሆነ ነው።

ከጠርሙሱ በፊት

የምሕንድስና ተማሪ ነው፤ ያን ጊዜ አራተኛ ዓመት ላይ ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ20 ዓመቱ፣ በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ነው። ፀጉር ቤቱ በሰው ተጨናንቋል። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ፀጉር አስተካካይ ማሽኑን ግንባሩ ጠርዝ ላይ አቁሞ «አንተ፣ ግንባርህ እየሸሸ ነው እኮ! የአጎትህን ራስ ልትወርስ ነው» አለው። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሣቁ። እርሱም አብሮ ሣቀ።

ይህ ሣቅ ብዙ ሰው ያሳስታል። በአገራችን መላጣነት የጨዋታ ማጣፈጫ ነው፤ «ራሰ በራ ሀብታም ይሆናል» ይባላል፣ የሠርግና የለቅሶ ቤት ቀልድ ይሆናል። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ይህን ቢሰማ አብሮ ስቆ ያልፋል። የሃያ ዓመቱ ልጅ አብሮ የሚሥቀው ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር ስለሌለ ነው። ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ መስታወት ፊት እንደሚቆም የሚያይለት የለም።

ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚያ ፀጉር ቤት አልተመለሰም። ማሽን ገዝቶ ራሱን በራሱ መከርከም ጀመረ። ጥቁር ሰማያዊ ኮፍያ አደረገ፤ ኮፍያውን ቤት ውስጥም አያወልቅም። መማሪያ ክፍል ውስጥ ከኋላው ሰው እንዳይኖር የመጨረሻውን ረድፍ መረጠ። እናቱ መጀመሪያ የጠረጠሩት እሑድ እሑድ አብሯቸው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሲያቆም ነው፤ መጀመሪያ «ውጭ እጠብቅሻለሁ» ማለት ጀመረ፣ ቀጥሎ ከነጭራሹ ቀረ። ሃይማኖቱን የተወ መስሏቸው አለቀሱ። ነገሩ ሌላ ነበር፤ ቅጥሩ ሲደረስ ኮፍያ ይወልቃል። በጥር 2014 ዓ.ም. አብሮ አደግ የሆነው የአክስቱ ልጅ ሲያገባ ሚዜ እንዲሆን ጠየቀው። እምቢ አለ። ምክንያት አልሰጠም፤ ሚዜ ኮፍያ አያደርግም፣ ሠርግ ላይ ደግሞ ካሜራው ከላይ ነው የሚያነሳው። የአክስቱ ልጅ ተቀይሞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አላናገረውም።

እንግዲህ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ወደ እኛ የመጣው ይህ ሁሉ ያለፈበት ልጅ ነው። እኔ ግን ያየሁት ኮፍያ ያደረገ ተማሪ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ደንበኞች እስኪወጡ ድረስ የሳሙናውን መደርደሪያ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ቃሉን ላለመናገር፣ የስልኩን ስክሪን አዞረልኝ፤ የጠርሙስ ፎቶግራፍ ነው። «ዶክተር፣ ይህ አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። 5 በመቶ ሚኖክሲዲል፤ ፀጉር እንዲያበቅል ራስ ላይ የሚቀባ መድኃኒት። ወረቀቱን ጻፍኩ፣ ለጠፍኩ፣ ሰጠሁት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁትም። ከመቼ ጀምሮ ነው? በአንድ ቦታ በክብ ነው የረገፈው ወይስ ግንባርና አናት ላይ ነው የሳሳው? ያሳክክሃል? በቅርቡ ኃይለኛ ትኩሳት ታመህ ነበር? ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህ? እነዚህ ጥያቄዎች ሙያዬ ናቸው። በክብ የሚረግፈው ላሽ ሌላ በሽታ ነው፤ ቆረቆርም ሌላ። እንደ የአንጀት ተስቦ ካለ ከባድ ሕመም በኋላ ከሁለትና ሦስት ወር ቆይቶ የሚመጣው መርገፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ሁሉም አንድ ዓይነት ጠርሙስ አይፈልጉም።

ስድስት ሳምንት

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አልነገርኩትም። ያ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «መጀመሪያ ላይ ፀጉርህ ከበፊቱ ይብስ ይረግፋል፤ አትደንግጥ፣ አታቋርጥ።»

ምክንያቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የፀጉር ሥር የሥራና የዕረፍት ጊዜ አለው። ራስ ላይ አንድ ፀጉር ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያድጋል፤ ከዚያ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ሥሩ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ሦስት ወር ያህል ያርፍና ይወድቃል፣ በቦታው አዲስ ይበቅላል። ጤናማ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር የሚረግፍበት በዚህ ምክንያት ነው። ሚኖክሲዲል ያረፉትን ሥሮች ቀስቅሶ ወደ ሥራ ያስገባል። ሥሩ አዲሱን ማብቀል ሲጀምር አሮጌውን ይጥለዋል። ስለዚህ ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መርገፉ ሊጨምር ይችላል፤ ይህ መድኃኒቱ ሥራ መጀመሩን የሚያሳይ ምልክት ነው። ለውጥ አለ ወይም የለም ለማለት ቢያንስ አራት ወር ያስፈልጋል።

እርሱ ይህን አያውቅም። በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ትራሱን ሲያይ፣ እንደነገረኝ፣ «እግሬ ከዳኝ» ነበር ያለው። ከወር ወጪው ግማሹን አውጥቶ የገዛው መድኃኒት ያለውንም እየነቀለበት መሰለው። ቢሆንም ሦስት ሳምንት ተጨማሪ ታገሰ። በስድስተኛው ሳምንት ጠርሙሱን አልጋው ሥር ወረወረው።

ከዚያ በኋላ ያገኘውን ሁሉ ሞከረ። የጉሎ ዘይት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የተፈላ የጥብስ ቅጠል ውኃ። ቀጥሎ የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ፤ በመጨረሻ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ፣ በፌስታል ሸፍኖ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ተኛ። ጠዋት አናቱ ላይ ቆዳው ቀልቶ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ታስሮ ሲቆይ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ስለ ሽንኩርቱ አንድ ነገር ልበል፤ ደጋግሜ የምጠየቀው ነው። የሽንኩርት ጭማቂ ዝና መነሻ ከሆኑት አንዱ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢራቅ ሐኪሞች ትንሽ ጥናት ነው። ጥናቱ የተደረገው ግን በላሽ ታማሚዎች ላይ ነው፤ በክብ በሚረግፈው። ግንባርና አናት ላይ ቀስ በቀስ ስለሚሳሳው ፀጉር የሚለው ነገር የለም። የጥብስ ቅጠል ዘይት ትንሽ ይሻላል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በኢራን በ100 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ከስድስት ወር በኋላ ከ2 በመቶ ሚኖክሲዲል ጋር የተቀራረበ ውጤት አሳይቷል። አንድ ጥናት ነው፤ ከዚያ በላይ ልከምርበት አልችልም።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና የመጣው አናቱ ቆስሎ ሳለ ነበር። ፈታኙ ኮፍያ እንዲወልቅ እንደሚያዝ ያውቃል። ሁለት ፈተና ቀረ። እናቱ አልጋው ሥር ጠርሙሱን ያገኙት ከክፍሉ አልወጣ ሲላቸው ነው።

ደብተሩ

በማግስቱ ይዘውት መጡ። ሥራ የምንዘጋበት ሰዓት ላይ እንዲመጡ ነግሬያቸው ነበር። የእናቱን ንዴት ጠብቄ ነበር፤ ግን ዝም ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ይቅርታ አድርግልኝ» ብዬ ጀመርኩ፤ ያልነገርኩትን ነገርኩት። ከላይ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ራሱን ቀና አደረገና «ታዲያ ሊሠራ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። ሊሠራም ላይሠራም ይችል ነበር፤ የሚያሳዝነው አለማወቁ ነው አልኩት።

ከዚያ ከጃኬቱ ውስጥ ደብተር አወጣ። ባለ 32 ገጽ የተማሪ ደብተር ነው። በእርሳስ በጥንቃቄ የተሰመሩ አምዶች፤ ቀን፣ ትራስ፣ ማበጠሪያ፣ መታጠቢያ፣ ድምር። 63። 71። 58። 118። አንዳንዱ ቀን ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ከአሥራ አራት ወር በላይ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል፣ የወደቀ ፀጉሩን ቆጥሯል። በመጨረሻዎቹ ገጾች መካከል በነጭ ወረቀት የታጠፈ የሦስት ቀን ፀጉር ነበር፤ ለማሳየት ያመጣው።

እናቱ ደብተሩን ሲያዩት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ነጩን የክኒን መቁጠሪያ ሳህን አመጣሁና ፀጉሮቹን ላዩ ላይ ዘረገፍናቸው። በመቁጠሪያዋ ቢላዋ እየለየሁ ደረደርኩ። አብዛኞቹ ጥቅልል ያሉ፣ ወፍራም፣ ጥቁር ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ነጭ የመርፌ ራስ የሚያህል ነጥብ አለች። እርሱ ይህችን ነጥብ «ሥሩ ከነነፍሱ ተነቀለ» ብሎ ነበር የሚያስባት። አይደለም፤ አርፎ በጊዜው የወደቀ ፀጉር ምልክት ናት፣ ሥሩ ቆዳው ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ ሌሎቹን አሳየሁት። ወደ አሥር የሚሆኑት አጫጭር፣ ቀጫጭን፣ ቀለማቸውም ፈዘዝ ያለ ነበር። «ልጄ፣ ብዛቱን ተወው» አልኩት፤ «63 ይሁን 118 ብዙ ለውጥ የለውም። ራስህን ሳምንት ሳትታጠብ ቆይተህ ስትታጠብ የሳምንቱ አንድ ላይ ይወርዳል። ዋናው ነገር ውፍረቱ ነው፤ እነዚህን ቀጫጭኖቹን ሐኪም ይይልህ።»

አሥራ አራት ወር ሙሉ የቆጠረው የተሳሳተ ነገር ነበር። በየማለዳው ከአልጋው የሚነሳው ለዚያ ቁጥር ነበር፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ቀኑ ይበላሻል፣ ዝቅ ካለ ነገን ይፈራል። አንድ የሚያውቅ ሰው አምስት ደቂቃ ቢያናግረው ኖሮ ይህ ደብተር አይኖርም ነበር። ያ ሰው በኅዳር ወር እኔ መሆን እችል ነበር።

ቆዳ ሐኪሟ ዘንድ

በአገራችን ስለ ቆዳ ሕክምና ሲነሳ አስቀድሞ የሚጠራው አለርት ሆስፒታል ነው፤ በግል የሚሠሩ የቆዳ ስፔሻሊስቶችም አሉ። እርሱ የሄደው ወደ አንዲት የግል ሐኪም ነው፤ በመጋቢት መጀመሪያ። ፈቅዶልኝ አብሬው ገባሁ።

ሐኪሟ አንድ ጭብጥ ፀጉር በጣቶቿ መካከል ይዛ በቀስታ ሳበች፣ የወጣውን ቆጠረች። በሌላ ቦታ ደገመችው። ከዚያ ቆዳን አጉልታ በምታሳይ ባለ መብራት መሣሪያ ግንባሩን፣ አናቱንና ማጅራቱን እያነጻጸረች አየች። ማጅራቱ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉም እኩል ውፍረት አለው። አናቱ ላይ ግን ወፍራሙና ቀጭኑ ተቀላቅሎ ቆሟል። ስክሪኑን አዙራ አሳየችው። የደም ማነስ፣ የብረት ክምችትና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ አዘዘች፤ ሁሉም ደህና ሆኖ ተገኘ። የነጭ ሽንኩርቱ ቁስል ጠባሳ ሳይተው እየዳነ ነበር።

በዘር የሚመጣ የወንዶች የፀጉር መሳሳት ነው አለችው። ጄምስ ሃሚልተን የተባለው አሜሪካዊ በ1951 እ.ኤ.አ. አውጥቶት ኖርውድ በ1975 ያሻሻለውን ሰባት ደረጃ ያለውን ሥዕል አሳየችው፤ እርሱ ሦስተኛው ላይ ነው፣ አናቱ ላይ ከጀመረ ትንሽ መሳሳት ጋር። ጣቱን ሰባተኛው ላይ አድርጎ «ወደዚህ በስንት ዓመት እደርሳለሁ?» አላት። ሁሉም ሰው እዚያ እንደማይደርስ፣ የእርሱን ፍጥነት ማወቅ የሚቻለው በየጊዜው ፎቶግራፍ በማንሳት እንደሆነ ነገረችው።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሦስት ነገር ጠየቃት። ኮፍያው ነው ወይ? አይደለም፤ ኮፍያ የፀጉርን ሥር አያፍንም። ሌሊት መንቃቱና ጭንቀቱ ነው ወይ? ከባድ ጭንቀት ፀጉርን ሊያረግፍ ይችላል፣ ግን በዚህ ቅርጽ አያሳሳም። ሦስተኛውን ለመናገር ጊዜ ወሰደበት፦ «እግዚአብሔር እየቀጣኝ ይሆን?»

ሐኪሟ ለዚህ የሰጠችው መልስ የሙያዋ ነበር፤ ጥሩ መልስ ነበር። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ሰውነት ውስጥ ወደ ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ይለወጣል፤ በዘር ለዚህ ተጋላጭ የሆኑ የግንባርና የአናት ሥሮች በእያንዳንዱ ዙር እያነሱ፣ የሚያበቅሉትም ፀጉር እየቀጠነ ይሄዳል። ይኸው ሃሚልተን በ1942 እ.ኤ.አ. ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች ራሰ በራ እንደማይሆኑ፣ ሆርሞኑ ሲሰጣቸው ግን በቤተሰባቸው ራሰ በራነት ያለባቸው ፀጉራቸው መሳሳት እንደሚጀምር ጽፏል። በ1974 ደግሞ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ አንድ የገጠር አካባቢ ይህን ሆርሞን የሚለውጠው ኤንዛይም ሳይኖራቸው የተወለዱ ወንዶች ተገኙ፤ አድገውም ግንባራቸው አልሸሸም። ቅጣት አይደለም፣ የአንድ ኤንዛይም ሥራ ነው አለችው።

እርሱ ራሱን ነቀነቀ እንጂ ልቡ እንዳላረፈ አይቻለሁ። ያሳረፈው ከሁለት ሳምንት በኋላ የንስሐ አባታቸው ናቸው። እናቱ ቤት ጠርተዋቸው ነበር። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ን ገለጡለት፤ ስለ ለምጽ የሚደነግገውን፣ ካህኑ ማን ርኩስ እንደሆነ ማን ንጹሕ እንደሆነ የሚለይበትን። እዚያው መካከል ፀጉሩ የረገፈ ሰው፣ ከግንባሩ በኩል እንኳ ቢረግፍ፣ ንጹሕ ነው ይላል። «ከግንባሩ በኩል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበቡለት። ይህን ሲነግረኝ ዕንባው ቀርቦ ነበር። እኔ የመድኃኒት ሰው ነኝ፤ ሆኖም በዚያ ሳምንት ከሰጠነው ሁሉ ያ ንባብ የበለጠ እንደሠራ አምናለሁ።

የእናቱ ወገን

አንድ ነገር በቤቱ ውስጥ ቆስሎ ነበር። በጥር ወር በተጣሉ ጊዜ «ከአንቺ ወገን ነው የመጣብኝ» ብሏቸዋል። የእናቱ ወንድም፣ ፀጉር አስተካካዩ የጠቀሰው አጎት፣ ገና በሠላሳዎቹ ራሰ በራ ሆኗል። እናቱ ያንን ቃል ተሸክመውት ነበር፤ ጠርሙሱን ይዘው ሲመጡ እጃቸው የተንቀጠቀጠው ለዚያም ጭምር እንደሆነ በኋላ ነገሩኝ።

መላጣነት ከእናት ወገን ብቻ ይወረሳል የሚለው ወሬ በእኛም በሌላውም አገር የተስፋፋ ነው። እውነት የሚመስል ቁራጭ አለው፤ የወንድ ሆርሞንን ተቀባይ የሚሠራው ዘረ መል የሚገኘው ከእናት በሚወረሰው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ነገር ግን በ2017 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ከ50 ሺህ በላይ ወንዶች ላይ የተደረገው የዘረ መል ጥናት ከዚህ ጋር የተያያዙ ከ280 በላይ የዘረ መል ቦታዎችን አግኝቷል፤ አብዛኞቹም ከእናትም ከአባትም የሚወረሱ ናቸው። ሐኪሟ ይህን ስትናገር እርሱ ዝም ብሎ ሰማ። ሲወጡ መተላለፊያው ላይ የእናቱን ትከሻ ሳመ። ሌላ ምንም አልተባባሉም።

ምን አደረግን

ሐኪሟ ሦስት ነገር በፊቱ አስቀመጠች። ምንም አለማድረግ አንዱ ነው፤ በሽታ ስላልሆነ ይቻላል። ሁለተኛው ወደ ሚኖክሲዲል መመለስ፣ በዚህ ጊዜ እያወቁ። ሦስተኛው ፊናስቴራይድ የሚባለው ክኒን ነው። ይህ ክኒን በአሜሪካ በ1992 እ.ኤ.አ. በ5 ሚሊ ግራም ለፕሮስቴት፣ በ1997 ደግሞ በ1 ሚሊ ግራም ለፀጉር ተፈቅዷል፤ ሆርሞኑን የሚለውጠውን ኤንዛይም ያግዳል፣ መሳሳቱንም ከሁሉ በተሻለ ያቆማል። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የወሲብ ፍላጎት መቀነስ የታየው ከሚወስዱት 1.8 በመቶ፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 1.3 በመቶ ላይ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ሐኪሟ ያመነታችው በሌላ ምክንያት ነው፤ ስሜቱ እንዲህ ዝቅ ባለበት ሰዓት የመንፈስ ጭንቀት ሊያስከትል የሚችል መድኃኒት መስጠት አልፈለገችም። ልክ ነበረች። በ2025 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከዚህ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳቶች አንዱ መሆኑን አረጋግጧል። ይህን ክኒን ያለ ሐኪም ማዘዣ ለሚጠይቁኝ ወጣቶች እምቢ የምለው ለዚህ ነው፤ ይቆጡኛል፣ ይቆጡኝ።

እርሱ ግን በልቡ አራተኛ ነገር ይዞ ነበር። ገንዘብ ተበድሮ ኢስታንቡል ሄዶ ፀጉር ሊያስተክል። ከማጅራት የሚነቀለው ፀጉር ግንባር ላይ ተተክሎ ይኖራል፤ ይህ እውነት ነው። በ22 ዓመት ግን መሳሳቱ የት እንደሚቆም አይታወቅም። ዛሬ የተተከለው ግንባር ላይ እንደ ደሴት ቆሞ ከኋላው ያለው ሊሸሽ ይችላል፤ ማጅራት ላይ ያለው ደግሞ የማያልቅ ጎተራ አይደለም። ሐኪሟ በወረቀት ላይ ሣለችለት። ሥዕሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ጉዞውንም ተወ።

ሚኖክሲዲልን በሚያዝያ እንደገና ጀመረ። በዚህ ጊዜ ሃያ ደቂቃ አስቀምጬ አስረዳሁት። መድኃኒቱ ሲጀመር ለደም ግፊት የተሠራ ክኒን እንደነበረ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ለዚያ ተፈቅዶ የሚወስዱት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ መታየቱን፣ የሚቀባው የተፈቀደው በ1988 እንደሆነ ነገርኩት። ልብ ምት ከፈጠነበት ወይም ካዞረው እንዲያቆምና እንዲመጣ፣ ማታ ከመተኛቱ በቂ ጊዜ ቀድሞ እንዲቀባና እንዲያደርቀው፣ እጁን እንዲታጠብ፣ ቤታቸው ድመት ስላለች እንዳትልሰው እንዲጠነቀቅ። ድመትን ይገድላል። ደግሞም ካቆመ በሦስትና አራት ወር ውስጥ ያገኘውን እንደሚያጣ ነገርኩት፤ ይህን ሳያውቅ መጀመር የለበትም።

ስለ ደብተሩ ተስማማን። እኔ ዘንድ ይቀመጣል፤ እርሱ አይቆጥርም። በምትኩ በየሦስት ወሩ እዚህ ይመጣል፣ በአንድ መብራት ሥር፣ ከአንድ ርቀት፣ ግንባሩንና አናቱን ፎቶግራፍ አነሳዋለሁ። ሐኪሟ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያም ልካው ነበር፤ አምስት ጊዜ ሄደ። ስለዚያ ብዙ አልጠየቅሁትም፣ የእርሱ ነው።

ሁለተኛው መርገፍ በአምስተኛው ሳምንት መጣ። ማታ ደወለልኝ። «እትዬ፣ ጀመረ» አለ። «እንደተባባልነው ነው» አልኩት። «እሺ» ብሎ ዘጋው። በዚያው ቀጠለ።

አንድ ቀን፣ ፎቶግራፍ ካነሳሁት በኋላ፣ የአሜሪካዊውን የቴኒስ ተጫዋች የአንድሬ አጋሲን ታሪክ ነገርኩት። በ1990 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የፈረንሳይ ኦፕን ፍጻሜ ሲደርስ ገና 20 ዓመቱ ነው፤ ዓለም የሚያደንቀው ረጅም ፀጉሩ ግማሹ ሰው ሠራሽ ነበር። በዋዜማው ሲታጠብ ተበታተነበት፤ በፀጉር ማስያዣ ጠግነው አሠሩለት። ሜዳ ውስጥ ሲገባ የጸለየው እንዲያሸንፍ አልነበረም፣ ፀጉሩ እንዳይወድቅበት ነበር፤ ይህን ራሱ በ2009 ተናግሯል። ተሸነፈ። በ1995 ግን ራሱን ተላጭቶ አውስትራሊያ ላይ ዋንጫ አነሳ፤ በ1999 ፓሪስም ላይ አሸነፈ። ወጣቱ ታሪኩን ሰምቶ የጠየቀኝ ስለ ዋንጫው አይደለም። «ያን ሁሉ ጊዜ ለማንም አልነገረም?» አለኝ።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ዓመት ሲሞላው ፎቶግራፎቹን ጎን ለጎን አየናቸው። አናቱ በግልጽ ሞላ ብሏል። ግንባሩ እዚያው ነው፤ አልተመለሰም፣ በዓይን የሚታይ ያህልም አልሸሸም። ሐኪሟ ይህን ጥሩ ውጤት ብላዋለች። የቀሩትን ሁለት ፈተናዎች ወስዶ አልፏል። ወደ ፀጉር ቤትም ተመልሷል፤ ወደ ሌላ ፀጉር ቤት፣ አሳጥሮ ይቆረጣል። የአክስቱ ልጅ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ አብሮ ቆሟል። አንዳንድ ቀን አሁንም ኮፍያውን ያደርጋል፤ መጥፎ ቀን እንደሆነ በዚያ አውቃለሁ።

እኔም ልማዴን ቀይሬያለሁ። ይህን ጠርሙስ ለሚጠይቅ ወጣት አምስቱን ጥያቄ ሳልጠይቅ አልሸጥም፤ ወረቀቱ ላይም «መጀመሪያ ሊረግፍ ይችላል፣ ቢያንስ 4 ወር» ብዬ እጨምራለሁ። ሰልፍ ሲበዛ ደቂቃ ይወስዳል። ባልደረቦቼ ሁሉ እንዲህ እንዲያደርጉ እለምናለሁ።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ ተመርቆ ሥራ በሚፈልግበት ሰሞን፣ ለአባቱ የደም ግፊት መድኃኒት ሊወስድ መጣ። ውጭ ዶፍ ነበር። ስድስት ሰባት ሰው ተሰልፏል። ከበሩ ሲገባ ኮፍያው ውኃ ያንጠባጥባል፤ አወለቀው፣ ደጃፉ ላይ ጨመቀው፣ በመሐረብ ራሱን እያደራረቀ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመና ከፊቱ ካሉት ሽማግሌ ጋር ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።